ማጣትና ትካዜ፤ ስለ ማሪየንታል መጽሐፍ የተጻፈ ሒስ

ለወጣቶች ከሚሰጠው ምክር ሁሉ የበዛው፥ «ሥራ ውደድ፤ ስንፍናን ጥላ» የሚለው ነው። ምክሩ መልካም ስለ ሆነ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ማናቸውም ምክር የሚጠቅመው ለሚገባው ሰው በሚገባው ጊዜ የተሰጠ እንደ ሆነ ነው። ጤነኛውን ሰው «ተነሥተህ ሩጥ» ማለት ማበረታታት ነው፤ እግሩ ለተሰበረ ሰው ግን ይኸው ቃል ስድብ ይሆንበታል። እንግዲህ ሥራውን አጥቶ፥ ያጠራቀመውን ጨርሶ፥ ከቤቱ ጥግ ተቀምጦ የሚተክዘውን ሰው ባየን ጊዜ፥ ከፊታችን ያለው ሰነፍ ነውን ወይስ የተሰበረ? ችግር ያገኘው ስለ ተከዘ ነውን ወይስ የተከዘው ችግር ስላገኘው? አብዛኛው ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ፍርዱን ይሰጣል። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የተባለውም ስለዚህ ነው።

ከመፍረድ በፊት መመርመርን ከመረጡት መጻሕፍት አንዱን ለወጣት አንባብያን ላስተዋውቅ፥ መልካሙንም ጉድለቱንም ልናገር አስቤአለሁ። መጽሐፉ «የማሪየንታል ሥራ አጦች» ይባላል። በ1933 በጀርመንኛ ቋንቋ ታተመ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ደራሲዎቹ ማሪ ያሆዳ፥ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዝል የተባሉ የቪየና ምሁራን ሲሆኑ፥ ሦስቱም በዚያን ጊዜ ገና ወጣቶች ነበሩ። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ስለ ያዙ፥ አይሁዳውያን የነበሩት የደራሲዎቹ ስም በፊት ገጹ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። በ1971 ወደ እንግሊዝኛ ከተመለሰ በኋላ ግን በብዙ አገር ሊነበብ ችሏል።

ላዛርስፌልድ በመጀመሪያ ሊመረምር ያሰበው ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም ሠራተኞች የዕረፍት ጊዜአቸውን በምን እንደሚያሳልፉት ነው። ነገር ግን የኦስትሪያ ሶሻል ዴሞክራቶች መሪ የነበረው ኦቶ ባወር፥ ሕዝቡ በሥራ ማጣት በሚሠቃይበት ዘመን ስለ ዕረፍት መጠየቅ እንደማይገባ ነግሮት ሐሳቡን ወደ ሥራ አጥነት መለሰው። ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ የሚጠይቀውን ነገር ማወቅ የዕውቀት መጀመሪያ ነው።

ማሪየንታል ከቪየና ብዙ የማትርቅ ትንሽ የፋብሪካ መንደር ናት። በ1830 የተቋቋመው የፈትልና የሽመና ፋብሪካ የመንደሯ እስትንፋስ ነበር፤ አያት፥ አባትና ልጅ በተራቸው በዚያው ሠርተው ይኖሩ ነበር። ፋብሪካው ከ1929 እኩሌታ ጀምሮ ክፍል በክፍል እየተዘጋ ሄዶ በ1930 መጀመሪያ ፈጽሞ ቆመ። ተመራማሪዎቹ በ1931 መጨረሻ ወደ መንደሯ በገቡ ጊዜ፥ ከ478 ቤተ ሰቦች መካከል በ367ቱ ቤት ውስጥ ሥራ ያለው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። መንግሥት ለሥራ አጦች ጥቂት ድጎማ ይሰጥ ነበር፤ ድጎማው ግን የጊዜ ገደብ ስለ ነበረው፥ ወራት ባለፉ ቁጥር እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ይቆም ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ሥራ የሌለው ሰው ጊዜ አለው ብለን እናስብ ይሆናል። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ያነባል፥ አትክልቱን ይኮተኩታል፥ ሳይሠራው የቆየውን ሁሉ ይሠራል ብለን እንጠብቃለን። መጽሐፉ ያገኘው የዚህን ተቃራኒ ነው። በመንደሯ የሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት ነበረ። በፊት ለውሰት ይከፈል የነበረው ጥቂት ገንዘብ ቀርቶ መጻሕፍቱ በነጻ ይሰጡ ጀመር። ሆኖም ከ1929 እስከ 1931 ባለው ጊዜ የተዋሱት መጻሕፍት ቍጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ከጥንት የባለ ፋብሪካው መኖሪያ አጠገብ የነበረው ያማረ መናፈሻም፥ እጅና ጊዜ የሞላው ሰው በዙሪያው ሳለ፥ የሚንከባከበው አጥቶ ዳዋ ለበሰ። ከ100 ወንዶች መካከል 88ቱ የኪስ ሰዓት አይዙም ነበር። የሚጠብቀው ቀጠሮ የሌለው ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል?

ተመራማሪዎቹ በመስኮት ተደብቀው መንገደኛውን እያዩ አካሄዱን እስከ መለካት ደርሰዋል። ወንዶቹ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፥ ጥቂት ተራምደው ይቆማሉ፥ ደግሞ ይራመዳሉ። ሴቶቹ ግን ይፈጥናሉ፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ቢዘጋም ምድጃው አልተዘጋም። ልጅ ማጠብ፥ አሮጌ ልብስ መጣፍ፥ ትንሹን ዱቄት ለብዙ አፍ ማብቃቃት የእነርሱ ሥራ ነበርና። ወንዶቹ የዋሉበትን በሰዓት ከፋፍለው እንዲጽፉ በተጠየቁ ጊዜ፥ ከመነሣት፥ ከመብላትና ከመተኛት በቀር የሚያስታውሱት ነገር ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ቀኑ አልፏል፤ ነገር ግን ምንም አልተደረገበትም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ስለ ሕፃናቱ የተጻፈው ነው። የገና በዓል በቀረበ ጊዜ የማሪየንታልና የአጎራባች መንደሮች ተማሪዎች የሚመኙትን ስጦታ እንዲጽፉ ተደረገ። የተመኙት ዕቃ ዋጋ ሲሰላ፥ የሌሎቹ መንደሮች ልጆች ምኞት በአማካይ 36 ሺሊንግ ሲሆን፥ የማሪየንታል ልጆች ምኞት ግን 12 ሺሊንግ ብቻ ሆነ። ምኞት ግብር የለበትም፤ የፈለገ ሰው ቤተ መንግሥት ቢመኝ ማን ይከለክለዋል? እነዚህ ልጆች ግን ማንም ሳይከለክላቸው ምኞታቸውን ራሳቸው ቆረጡት። ማጣት ከእጅ አልፎ ወደ ልብ መግባቱ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ምልክት ነው። በመጀመሪያ የምንፈልገውን ያሳጣናል፤ ቀጥሎ መፈለጉን ራሱን ያሳጣናል።

አሁን ወደ መጽሐፉ ዋና ነገር ልምጣ። ተመራማሪዎቹ ብርቱ ችግር ያለባቸውን 100 ቤተ ሰቦች በቅርብ ተመልክተው በአራት ክፍል መደቧቸው። 16ቱን ያልተሰበሩ አሏቸው፤ እነዚህ ገና ዕቅድ ያላቸው፥ ሥራ የሚፈልጉ፥ የሚስቁም ናቸው። 48ቱ ዕጣቸውን የተቀበሉ ናቸው፤ ቤታቸው ንጹሕ ነው፥ ልጆቻቸውም ይጠበቃሉ፥ ከነገ ግን የሚጠብቁት ነገር የለም። 11ዱ ተስፋ የቆረጡ ናቸው፤ ትላንትን እያሰቡ ያዝናሉ፥ መሞከርንም ትተዋል። የቀሩት 25ቱ ሁሉን ነገር የተዉ ናቸው፤ ቤቱ ይቆሽሻል፥ ጠብና መጠጥ ይገባበታል፥ ዛሬ የተገኘው ሁሉ ዛሬውኑ ያልቃል።

እስከዚህ ድረስ የጠባይ ታሪክ ይመስላል። አንድ መምህረ ግብረ ገብ ይህን ዝርዝር ቢያገኝ፥ ያልተሰበሩትን ለምስጋና የወደቁትን ለተግሣጽ ባዘጋጃቸው ነበር። ነገር ግን ደራሲዎቹ አንድ ነገር ጨመሩ፤ የእያንዳንዱን ክፍል ገቢ አሰሉ። ልጅን ከዐዋቂ አሳንሰው ቈጥረው ለአንድ ሰው በወር ምን ያህል እንደሚደርስ ባሰቡ ጊዜ፥ ለማይሰበሩት 34፥ ዕጣቸውን ለተቀበሉት 30፥ ተስፋ ለቆረጡት 25፥ ሁሉን ለተዉት 19 ሺሊንግ ሆኖ ተገኘ። ልቡና በደረጃ ሲወርድ ገንዘቡም አብሮ በደረጃ ይወርዳል። ቆሞ በሚሄደውና በወደቀው ሰው መካከል ያለው ርቀት በወር 15 ሺሊንግ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ቍጥር ከብዙ ስብከት አስበልጠዋለሁ። ጀግንነት የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ገና ያላለቀ ዱቄት መሆኑን ያሳያልና።

ይህን ካልሁ በኋላ የመጽሐፉን ጉድለት መናገር ይገባኛል።

አንደኛ፥ ቤተ ሰቦቹ በቅርብ የታዩት ለጥቂት ጊዜ ነው። ገቢያቸው ስላነሰ ልባቸው ወደቀ፥ ወይስ አስቀድሞ ልባቸው የደከመው ያለችውን ገንዘብ መጠበቅ ተሳናቸው? ደራሲዎቹ የቀድሞ ታሪካቸውን በመጠየቅ ይህን ለመለየት ቢደክሙም፥ ከላይ የጠቀስሁት ሰንጠረዥ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። ሁለት ነገር አብሮ መሄዱ አንዱ ሌላውን ለመጎተቱ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛ፥ የአራቱ ክፍሎች መለያ ንጹሕ አይደለም። ቤቱ የቆሸሸውን «ሁሉን የተወ» ስንለው፥ ሳሙና መግዣ ማጣቱንና ለማጠብ ፈቃድ ማጣቱን በምን ለየነው? በድህነት ምልክት የልብን ሁኔታ ከለካን በኋላ፥ የልብ ሁኔታ ከድህነት ጋር ይስማማል ብንል፥ በከፊል ራሱን ነገር በራሱ መመዘን ይሆናል።

ሦስተኛው ነቀፌታዬ የግብረ ገብ ነው። ተመራማሪዎቹ ለመንደሯ የማይጠቅም ሰው እንዳይገባ ወስነው ልብስ ሰብስበው አድለዋል፥ የሕክምና ምክርና የልብስ ስፌት ትምህርት አዘጋጅተዋል። ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን ወደየቤቱ የገቡት የሚያስፈልገውን ልብስ እንጠይቅ ብለው ነው፤ ሰዎቹ ልብሱን ሊቀበሉ በመጡ ጊዜም አኳኋናቸው ይታይና ይጻፍ ነበር። የተቸገረ ሰው እጁን ሲዘረጋ መመዝገቡን ሊያውቅ ይገባው ነበር። ዕውቀት ታላቅ ነገር ነው፤ የድሀ ክብር ግን ከዕውቀት አያንስም።

ሆኖም የመጀመሪያው ጉድለት ከጊዜ በኋላ በሌሎች እጅ ተሞልቷል። በ2016 ዮሐነስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከኬንያ የገጠር መንደሮች የተገኘ ውጤት አሳተሙ። በዚያ ከድሆች ቤተ ሰቦች መካከል በዕጣ ለተለዩት፥ በምን እንዳወሉት ሳይጠየቁ ገንዘብ ተሰጠ። ዕጣ የሰውን ጠባይ አይመርጥም፤ ትጉሁም ሰነፉም እኩል ይደርሰዋል። ገንዘቡ የደረሳቸው ሰዎች ከምግባቸውና ከንብረታቸው መሻሻል ጋር ትካዜአቸውም ቀነሰ። እንግዲህ በመጀመሪያ ላይ የጠየቅነው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ማጣት ትካዜን ይወልዳል።

ግን ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ አያልቅም። በ2020 ማቲው ሪድሊ፥ ጋውታም ራው፥ ፍራንክ ሺልባክና ቪክራም ፓቴል ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው እንደ መረመሩት፥ በአንድ አገር ውስጥ እጅግ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ከባለጠጎቹ ይልቅ ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ በትካዜና በጭንቀት በሽታ ይያዛሉ። ደግሞም በሽታው በተራው ድህነትን ያመጣል። የተከዘ ሰው እንቅልፍ ያጣል፥ ያለ ሥራ ይደክማል፥ ነገርን መወሰን ያቅተዋል፤ ስለዚህ ሥራ ቢገኝም ሊይዘው አይችልም። ማጣትና ትካዜ እንደ ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ናቸው፤ ሰውየው በመካከላቸው ይፈጫል። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው ተረት የጎረቤትን ክፋት ብቻ ሳይሆን ይህንንም ያስረዳል።

ትካዜ ስል ለአንድ ቀን ያዘነውን ሰው ማለቴ አይደለም። ኀዘን የሰው ሁሉ ድርሻ ነው፤ ለቅሶ ያወጣዋል፥ ወዳጅም ያጽናናዋል። የዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ግን በሽታ ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይቆያል፤ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣል፥ እንቅልፍና ምግብ ይዛባል፥ ሰውየው ራሱን ከንቱና በደለኛ አድርጎ ይቆጥራል፥ ሞትንም እስከ መመኘት ይደርሳል። በምክርና በመድኃኒት ሊታከም ይችላል። በቋንቋችን «ሐሳብ ገባው»፥ «ሆድ ባሰው»፥ «ልቡ ተሰበረ» እንላለን። ቃላቱ መልካም ናቸው፤ ሁሉም ሰውየው እንደ ተጎዳ ይመሰክራሉ። አንዳቸውም ሰነፍ ነው አይሉም። ከአነጋገራችን ይልቅ ፍርዳችን ጨካኝ መሆኑ ይገርመኛል።

ታዲያ ገንዘብ መስጠት ብቻ ይበቃልን? ማሪ ያሆዳ ራሷ ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሁሉ ስታስብበት ኖራለች። በ1982 ባሳተመችው ሌላ መጽሐፍ፥ ሥራ ከደመወዝ በላይ አምስት ነገር እንደሚሰጥ አስረድታለች። ቀኑን በሰዓት ይከፍላል፤ ከቤተ ሰብ ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር ያገናኛል፤ ከራስ በሚበልጥ የጋራ ዓላማ ውስጥ ያስገባል፤ በሰው ፊት ስምና ማዕረግ ይሰጣል፤ እጅንና አእምሮን ያለ ማቋረጥ ያሠራል። የማሪየንታል ሰው ድጎማውን ሲቀበል ከእነዚህ አምስቱ አንዱንም አልተቀበለም። ስለዚህ ዳቦው ቢኖርም ልቡናው ተራበ፤ ዳቦው ሲያንስ ደግሞ ፈጽሞ ወደቀ።

በዚህ ላይ ሕጉ የባሰ ሥራ ሠራ። ድጎማ የሚቀበል ሰው ጥቂት ሳንቲም የሚያስገኝ ሥራ ሲሠራ ከተገኘ ድጎማው ይቋረጥበት ነበር። መጽሐፉ እንደሚነግረን፥ አንዱ ሃርሞኒካ እየነፋ ጥቂት ገንዘብ በማግኘቱ፥ አንዲቱም ሴት ወተት እያደለች ለልጆቿ ጥቂት ወተት በማግኘቷ ድጎማቸውን አጡ። በአንድ እጅ ጥቂት ይሰጣል፥ በሌላው እጅ የመጨረሻዋን ትጋት ይቀጣል። ከዚያ በኋላ «ሕዝቡ ሰነፈ» ቢባል፥ ስንፍናን ያስተማረው ማን ነው?

ደራሲዎቹን ከሁሉ የሚያስደንቃቸው አንድ ግኝት ደግሞ አለ። በዚያን ዘመን፥ ረሀብ ሕዝብን ለለውጥ ያነሣሣል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። በማሪየንታል ግን የሆነው ይህ አይደለም። ቀድሞ በማኅበር፥ በቲያትርና በፖለቲካ ስብሰባ የታወቀችው መንደር ዝም አለች። የጋዜጣ ደንበኞች ቀነሱ፥ ስብሰባው ሳሳ፥ ጎረቤትን ለባለ ሥልጣን መክሰስ ግን በዛ። ማጣት ሰውን ያስቆጣል የምንለው በጥቂቱ ሲሆን ነው፤ ሲረዝም ግን ቁጣውንም ይወስደዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው የሕዝብን ዝምታ እንደ ደስታ አይቆጥረውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የዚህን መጽሐፍ ትምህርት ወደ ቤታችን ማምጣት አያስቸግርም። ከመካከላችሁ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ሥራ ያጣበት ሰው ይኖራል። ምናልባት ማለዳ ሲነሡ ዝም ብለው፥ ማታ ሲገቡ ዝም ብለው ታገኟቸዋላችሁ፤ በትንሽ ነገርም ይቆጡ ይሆናል። ከእነርሱ ጋር ስትነጋገሩ ሦስት ነገር ጠብቁ። መጀመሪያ፥ አታዋርዷቸው፤ «የእገሌ አባት ይሠራል» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ሁለተኛ፥ የቀኑን ሰዓት አብራችሁ ጠብቁላቸው፤ ምክራቸውን ጠይቁ፥ ለቤቱ የሚጠቅመውን ነገር አብራችሁ ሥሩ፥ ከዘመድና ከጎረቤት ከዕድርም አታርቋቸው። ሦስተኛ፥ ትካዜው ሳምንታት ካለፈው ወደ ሐኪም እንዲሄዱ እርዷቸው፤ ስለ ሞት የሚናገሩ እንደ ሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ፥ ብቻቸውንም አትተዉአቸው።

እኒህ ሦስቱ መልካም ናቸው፤ ግን ማታለል እንዳይሆን አንድ ነገር ልጨምር። በዚምባብዌ በ2006 ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው ሐኪም አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ እያስቀመጠ ሐሳብ የበዛባቸውን ሰዎች እንዲያዳምጡ አደረገ። በ2016 የታተመው ምርመራ እንደሚያሳየው ብዙዎች ተሽሏቸዋል። እነዚህ ሴቶች የሚያደርጉት ማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጠው ምን ይደረግ ብለው ከሰውየው ጋር ይመክራሉ። የቤት ኪራይ የጨነቀውን ሰው ስለ ቤት ኪራዩ ሳይነጋገሩ ልቡን ማዳን እንደማይቻል ያውቃሉና። ጆሮ መስጠትና እጅ መስጠት አብረው ሲሄዱ ነው ፍሬ የሚገኘው። ጆሮ ብቻ የሚሰጥ ሰው የተቸገረውን በባዶ እጁ ይሸኘዋል፤ እጅ ብቻ የሚሰጥ ደግሞ እንደ ለማኝ ያስቆጥረዋል።

ስለ መጽሐፉ ያለኝ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። መለኪያው አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል፥ ልብስ ሲያድል መመዝገቡም አያምርም። ነገር ግን የሰውን ውድቀት ከመስበክ ይልቅ በሺሊንግ፥ በመጽሐፍ ውሰትና በመንገድ አካሄድ ስለ ቈጠረው፥ ለወደቀው ሰው ከማንም ጠበቃ የተሻለ ተከራክሮለታል። ነገ ሹም፥ ነጋዴ ወይም መምህር የምትሆኑ ወጣቶች፥ በእጃችሁ ሥራ መስጠት ወይም መንሣት በሚመጣበት ቀን፥ የምትሰጡት ደመወዝ ብቻ፥ የምትነሡትም ደመወዝ ብቻ አለመሆኑን አስቡ። የሰውን ሥራ የሚዘጋ ሰው የነገውን ቀን አብሮ ይዘጋበታል፤ ሥራ የሚከፍትለትም ሰው እንጀራውንና ተስፋውን በአንድነት ይመልስለታል።